ድሪቶ ላይ የሚሰፋ ላባ

በአገራችን «ድሪቶ» የሚለው ቃል ክብር የለውም። ድሪቶ ለባሽ ስንል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ኑሮ ያጎሳቆለው ሰው ነው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተደረተ የተሠራ ልብስ የችግር ምልክት ሆኖ በአእምሮአችን ተቀርጿል። ታዲያ በአሜሪካን አገር ለሙሽሮች የሚሰጠው፣ እናት ለልጅዋ የምታወርሰው፣ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ሳይቀር የሚሰቀለው «ኩዊልት» የተባለው የአልጋ ልብስ ከዚሁ ከእኛ ድሪቶ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ቢባል ማን ያምናል?

ነገሩ ግን እውነት ነው። በተለይ «ስክራፒ» የሚሉት ዓይነት ከመቶ በላይ ከሆኑ የተለያዩ ቁርጥራጮች ሊገጣጠም ይችላል። የልጅ ሸሚዝ፣ ያረጀ መጋረጃ፣ ከቀሚስ የተረፈ ብጫቂ፣ ሁሉም ቦታ አለው። (እርግጥ ዛሬ ዛሬ ደህና አዲስ ጨርቅ ከሱቅ ገዝተው፣ ቆራርጠው፣ መልሰው የሚገጣጥሙም ብዙዎች ናቸው። እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ «ምነው ልጄ፣ ደህናውን ጨርቅ?» ሳይሉ አይቀሩም።)

በአላባማ ክፍለ ግዛት ጂስ ቤንድ በምትባል የጥቁር አሜሪካውያን መንደር ይኖሩ የነበሩ ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉ እናት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የሥራ ልብሶቻቸውን ቆራርጠው ኩዊልት አደረጉት። ልጃቸው አርሎንዚያ ኋላ እንደ ተናገሩት፣ እናትየው ይህን የሠሩት ባላቸውን እያስታወሱ ከሥሩ ለመተኛት ብለው ነው። ያ ከሱሪና ከሸሚዝ ቁራጭ የተሠራ የሐዘን ልብስ ዛሬ በዋሽንግተን ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ባልና ሚስት የሆናችሁ አንባቢያን ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ። ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰው ይዞ ይቀመጣል።

ለዚህም ነው በዚህ ጽሑፍ ቁርጥራጩ እንዴት እንደሚገጣጠም ሳይሆን፣ ከተገጣጠመ በኋላ በላዩ ላይ ስለሚሰፋው ስፌት ማውራት የፈለግሁት። ብዙ ሥራ ተጀምሮ የሚቀረው እዚህ ላይ ነውና። ተገጣጥሞ ያለቀ፣ ነገር ግን ባዘቶና ገበር ያልገባበት ጨርቅ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ዓመታት ያልፋሉ፤ ባለቤትዋም ታልፋለች። ልጆችዋ ሣጥኑን ሲከፍቱ የእናታቸውን እጅ ሥራ ያገኙታል። በኢዮጴ የነበሩት መበለቶች ዶርቃ በሞተች ጊዜ የሠራችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ እያሳዩ ያለቀሱት (ሐዋ. 9፥39) ለምን እንደ ሆነ የሚገባው እንዲህ ያለ ሣጥን የከፈተ ሰው ነው። ያን ጊዜ ጥያቄ ይነሣል፦ ይህን ማን ይጨርሰው? የሚጨርሰውስ ሰው የእርስዋን ሥራ ያወጣዋል ወይስ ይሸፍነዋል?

ከፍራሽ አዳሽ እስከ ላባ

ኩዊልት ሦስት ድርብ አለው። ከላይ የተገጣጠመው ገጽ፣ ከመካከል ባዘቶ፣ ከሥር ገበር። ሦስቱ በስፌት አንድ ላይ ካልተጠቀጠቁ ባዘቶው በመጀመሪያው እጥበት ተሰብስቦ ጓል ይሆናል። የጥጥ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ ፍራሽ አዳሽ በየሰፈሩ እየጮኸ የሚዞረው ለምን ሆነና! እንግዲህ ስፌቱ መጀመሪያ የመጣው ለውበት ሳይሆን ባዘቶውን ለመያዝ ነው። ግን መያዝ ካልቀረ በቀጥታ መስመር ብቻ ለምን ይያዝ ያሉ ሴቶች ከጥንት ጀምሮ ነበሩ።

ላባ ከእነዚህ ንድፎች ሁሉ እጅግ የተወደደው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሰሜን እንግሊዝ፣ በደርሃምና በኖርዘምበርላንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መንደሮች ሴቶች ላባን በአክሊልና በጠርዝ ቅርጽ በእጃቸው ይሰፉ ነበር። በዚያ አካባቢ ባልዋ በማዕድኑ የሞተባት ወይም የተጎዳባት ሴት የኩዊልት ማኅበር ታቋቁማለች፤ ደንበኞችዋ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይከፍሉአታል፤ እርስዋም በየተራ ትሰፋላቸዋለች። የእኛን እቁብ ያስታውሳል። ከዚህም ሌላ አሌንሄድስ በምትባል መንደር ጆርጅ ጋርዲነር የተባለ ባለ ሱቅ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የኩዊልት ገጽ ላይ በሰማያዊ እርሳስ ንድፍ እየሣለ ይሰጥ ነበር፤ የሚሰፉት ሌሎች ናቸው። አንዱ ሲነድፍ ሌላው ሲሰፋ፣ ሥራው የሁለት ሰው የሆነው እንግዲህ ዛሬ አይደለም።

አሜሪካም በበኩልዋ ላባን ተቀብላ የራስዋ አድርጋዋለች። በፔንሲልቬንያ፣ በላንካስተር አውራጃ የሚኖሩት አሚሾች ጥቁርና ደማቅ ቀለም ባለው ያልተዥጎረጎረ ጨርቅ መካከል የላባ አክሊል፣ በዳር ዳሩም የላባ ጠርዝ በእጅ ይሰፉ ነበር። ያ ላባ በግልጽ ይታያል፤ ጨርቁ አንድ ቀለም ስለ ሆነ ስፌቱን የሚሻማው ነገር የለም። በመቶ ቁርጥራጭ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ጨርቁ ይቁም፣ መኪናው ይሂድ

ሁላችንም የምናውቀው ሲንጀር ጨርቁን ከመርፌው ሥር እየጎተተ ያሳልፋል። በቤት ውስጥ መኪና ኩዊልት ለመጠቅጠቅ የሚፈልግ ሰው የመኪናውን ጥርስ ወደ ታች አውርዶ ጨርቁን በሁለት እጁ እንደ ፈለገ ያንቀሳቅሰዋል። «ፍሪ ሞሽን» የሚባለው ይህ ነው፤ መርፌው ብዕር፣ ጨርቁ ወረቀት ይሆናል ማለት ነው። ችግሩ ቦታ ነው። በመርፌውና በመኪናው አንገት መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። የሁለት ሰው አልጋ የሚያለብስ ኩዊልት ተጠቅልሎ በዚያች ቀዳዳ ሲያልፍ ትከሻ ያልቃል።

«ሎንግ አርም» ማለትም ረጅም ክንድ የተባለው መኪና ይህን ነገር ገለበጠው። ጨርቁ ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ ርዝመት ባለው የብረት ማዕቀፍ ላይ ተወጥሮ ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሰው መኪናው ነው። መኪናው በትናንሽ ጎማዎች ላይ ሆኖ በሐዲድ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰፊዋ ቆማ ሁለቱን እጀታ ይዛ ትመራዋለች። የክንዱ ስፋት ከ45 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚያ ስፋት ልክ ከሰፋች በኋላ የተሰፋውን በበረጃጅሞቹ ዘንጎች ላይ ጠቅልላ ቀጣዩን ታመጣለች፤ ሸማኔ የሠራውን እንደሚጠቀልል ማለት ነው። እጅ ሲፈጥን መርፌውም እንዲፈጥን፣ እጅ ሲዘገይ መርፌውም እንዲዘገይ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ስላለው ስፌቱ እኩል ይወጣል። ያ መቆጣጠሪያ ከመምጣቱ በፊት ሰፊዋ የእጅዋን ፍጥነት ከሞተሩ ድምፅ ጋር በጆሮዋ ታስማማ ነበር።

መኪናው በቀላሉ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ አዲሱና ትልቁ ዋጋው ብዙ አሥር ሺህ ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ በብዙ ቤት ግዢው የባልና የሚስት ምክክር ነው። የሚገዙትም አብዛኞቹ የሌላውን ሰው ኩዊልት በክፍያ እየሰፉ ዕዳውን ሊከፍሉ አስበው ነው። ክፍያው የሚሰላው በስኩዌር ኢንች ነው። ለምሳሌ 90 በ100 ኢንች የሆነ ኩዊልት 9,000 ስኩዌር ኢንች ይሆናል፤ በ3 ሳንቲም ሒሳብ 270 ዶላር ማለት ነው። በእጅ የሚመራና በየቦታው የሚለያይ ላባ ከዚህ ይወደዳል። እንዲህ ያለ ሥራ በቤት ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከዋጋው በፊት ክፍሉን ለኩ፤ ማዕቀፉ ሳሎኑን ሙሉ ይወስዳል።

አከርካሪና ቅጠል

አሁን ወደ ላባው እንምጣ። ሥራው የሚጀምረው ከአከርካሪው ነው። ሰፊዋ መጀመሪያ እንደ ወንዝ የሚጥመለመል አንድ ረጅም መስመር ትሰፋለች። ይህ መስመር ቀጥ ካለ ላባው ይደርቃል፤ ለስላሳ ከሆነ ግን ከላዩ የሚመጣው ሁሉ ይለሰልሳል። ከዚያም ከአንዱ ጫፍ ጀምራ በአንድ ጎን ቅጠሎቹን ትሰፋለች። (የላባውን ቅርንጫፎች ቅጠል ማለት ይቀለኛል።) እያንዳንዱ ቅጠል በግማሽ የተቆረጠ የልብ ቅርጽ ይመስላል። ከአከርካሪው ቀጥኖ ይነሣል፣ ወደ ውጭ እየሰፋ ይሄዳል፣ አናቱ ላይ ይከብና እየቀጠነ ተመልሶ አከርካሪው ውስጥ ይገባል።

ክሩ አይቆረጥም። የላባ ምስጢር ይህ ነው። አንዱ ቅጠል ከአከርካሪው ወደ ውጭ ተሰፍቶ ያለፈውን ቅጠል ትከሻ ሲነካ፣ መርፌው በራሱ ስፌት ላይ ጥቂት ተመልሶ ይሄድና ተከታዩን ከውጭ ወደ ውስጥ ይሰፋል። ይህ በራስ ስፌት ላይ የመመለስ ነገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ክሩ ወፍራም ከሆነ ወይም እጅ ትንሽ ከሳተ ሁለቱ መስመሮች ተለያይተው ጎን ለጎን ይቀራሉ። ሌሎች ሰፊዎች ደግሞ መመለሱን ትተው እያንዳንዱን ቅጠል ወደ አከርካሪው ያመጡና፣ በአከርካሪው ላይ ጥቂት ሄደው ቀጣዩን ይጀምራሉ። ለጀማሪ ይህ ሁለተኛው ይቀላል።

የላባን መልክ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አናቱ ሳይሆን ጅራቱ ነው። ቅጠሉ አከርካሪው ላይ እንደ ምስማር ቀጥ ብሎ ከተተከለ መሰላል ይመስላል። የእግር መንገድ ዋናውን መንገድ ሲቀላቀል አስቀድሞ ዘንበል ብሎ ጎን ለጎን እየሄደ እንደሚገባ ሁሉ፣ የቅጠሉም ጅራት አከርካሪውን ተጠግቶ መግባት አለበት። ይህ በቃል የሚማሩት አይደለም። ልምድ ያላቸው ሰፊዎች ተማሪዎቻቸውን ወደ መኪናው ከማምጣታቸው በፊት እርሳስ ሳያነሡ በወረቀት ላይ ደጋግመው እንዲስሉ ያደርጋሉ። ቀኝ እጅ የሚቀናው ሰው አንደኛው ጎን ከሌላው ይከብደዋል፤ ያን የከበደውን ጎን እጥፍ መለማመድ ነው።

እንግዲህ ላባ ለስክራፒ ኩዊልት ለምን ተስማማ? ቅጠሉ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ይጠማዘዛል፤ ግን ያው ላባ ነው። ክብና አራት ማዕዘን መጠኑ ከተዛባ ስሕተቱ ይጮሃል። ላባ ግን ባዶ ቦታ ሲያገኝ ይዘረጋል፣ ጠባብ ሲያገኝ ይሰበሰባል። መቶ ቁርጥራጭ ያለው ገጽ ደግሞ ፍጹም ቀጥ ብሎ አይገኝም። አንዱ ጨርቅ ተለጥጧል፣ ሌላው ተኮማትሯል፣ ስፌት በስፌት ላይ የሚገናኝበት ቦታ ጉብ ብሏል። አራት ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ እየተከተሉ ከመስፋት ይልቅ፣ ላባው ድንበሩን ሁሉ አልፎ ከዳር እስከ ዳር እንዲሄድ ሲደረግ ዓይን ቁርጥራጩን መቁጠር ትቶ መስመሩን ይከተላል።

ዛሬ ኮምፒውተር የሚመራው ረጅም ክንድም አለ። ንድፉን ይሰጡታል፤ ሰፊዋ አጠገቡ ቆማ ክር ትቀይራለች። የሚሰፋው ላባ እንከን የለውም፤ ለንግድም ሥራ ያፋጥናል፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ለአሮጌ ልብስ ቁርጥራጭ ከሆነ የእኔ ምርጫ በእጅ የሚመራው ነው። መኪናው በራሱ ሲሄድ ጉብታው የት እንዳለ አያይም፤ ሰፊ ግን ከሩቅ ታየዋለች፣ ቅጠሉን ትንሽ ዘወር አድርጋ ታልፈዋለች። መርፌ የሚሰበረውም በእነዚያ ጉብታዎች ላይ ነው።

የክሩ ቀለም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። አንድ ገጽ ላይ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ካለ የትኛው ክር ይስማማዋል? ጥሩው ዘዴ ክሩን ከጥቅሉ ፈትቶ እንደ እፍኝ ጭድ በጨርቁ ላይ መበተንና ራቅ ብሎ ማየት ነው። በብዙ ቀለም ላይ ጠፍቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ ግራጫ ወይም አመድማ ቡናማ ነው። ጥቁር ክር በነጩ ላይ እንደ ጭረት ይጮሃል። አበባና ነጠብጣብ የበዛበት ጨርቅ ደግሞ ምንም ዓይነት ክር ቢሆን ላባውን ይውጠዋል። «ታዲያ ካልታየ ለምን ይደከማል?» የሚሉ አሉ፤ ከባለሙያዎችም መካከል ይህን የሚሉ አይጠፉም። መልሱ ያለው ገበሩ ላይ ነው። ኩዊልቱን ገልብጡት፤ አንድ ቀለም ባለው ገበር ላይ ላባው ከነአከርካሪው ሙሉ ሆኖ ይታያል። ከፊት ለፊቱም ቢሆን የማታ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ቅጠሎቹ ብድግ ይላሉ። ባዘቶው የበግ ጠጉር ከሆነ የበለጠ ይነሣሉ፣ ጥጥ ከሆነ ዝቅ ብለው ይተኛሉ።

ስለ እጥበት አንድ ነገር ልጨምር። አዲስና አሮጌ ጨርቅ ቀላቅሎ የሚገጣጥም ሰው ጌታችን ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ የተናገረውን (ማር. 2፥21) በቤቱ ይፈትነዋል። ያልታጠበው አዲሱ ይኮማተራል፣ አሮጌው አይከተለውም። ስለዚህ ሁሉንም ከመቁረጥ በፊት ማጠብና መተኮስ ይመረጣል። በውጭ አገር ያላችሁና የእናታችሁን የሐበሻ ቀሚስ ቁራጭ ልትጨምሩበት የምታስቡ ደግሞ፣ የሸማኔ ጨርቅ ሽመናው ላላ ያለ ስለ ሆነ በካውያ የሚለጠፍ ስስ ጨርቅ ከሥሩ ሳታደርጉ አትቁረጡት፤ በመርፌው ሥር ይለጠጣል፣ ጠርዙም ይተረተራል። ለሰፊ የምትሰጡት ከሆነ ገበሩ ከገጹ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲተርፍ አድርጉ፤ ማዕቀፉ ላይ የሚያዘው በዚያ ትርፍ ነውና።

የማን ሥራ ነው?

በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ እውነተኛ ኩዊልት በእጅ የተሰፋ ብቻ ነው ይባል ነበር። በኬንተኪ ክፍለ ግዛት፣ በፓዱካ ከተማ የሚደረገው የአሜሪካ ኩዊልት ሠሪዎች ማኅበር ትርኢት እ.ኤ.አ. በ1989 ታላቁን ሽልማት በስፌት መኪና ለተጠቀጠቀ ኩዊልት ሲሰጥ ብዙ ሰው ተቆጣ። አሸናፊዋ ካሪል ብራየር ፋለርት ነበሩ። መኪና የሠራው እንደ እጅ ሥራ ይቆጠራል ወይ የሚለው ክርክር ከዚያ በኋላ እየበረደ ሄደ፤ ሌላ ክርክር ግን ቀረ። አንድዋ ወራት ሙሉ ገጣጥማ፣ ሌላዋ በሎንግ አርም ላባ ሰፍታበት ሲያምር፣ ምስጋናው የማን ነው? ለሌላ ሰው ከፍሎ ማስጨረስ «በቼክ መስፋት» ነው ብለው የሚያሾፉ ነበሩ።

እኔ በዚህ ፌዝ አልስማማም። በሰሜን አሜሪካ የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት ለሜኖናይት ማዕከላዊ ኮሚቴ እርዳታ በሚያደርጉት ጨረታ ላይ ኩዊልት ዋናው ዕቃ ነው። ከእነዚሁ አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ሠራተኞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አገራችን ገብተው በናዝሬት ሆስፒታል ከፍተው ነበር፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አጀማመርም ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ለጨረታ ከሚቀርቡት ኩዊልቶች ብዙዎቹ የአንድ ሰው ሥራ አይደሉም። አንድዋ ትቆርጣለች፣ ሌላዋ ትገጣጥማለች፣ ሌሎች በማዕቀፉ ዙሪያ ተቀምጠው ይጠቀጥቃሉ። ማንም «የኔ ነው» ሲል አይሰማም፤ ገንዘቡም ለተራበ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ የሟች እናት ሥራ በእጅዋ የገባላት ሰፊ ኃላፊነትዋ ከባድ ነው። የራስዋን ችሎታ ለማሳየት ገጹን በጥቃቅን ላባ ጢም አድርጋ ልትሞላው ትችላለች። ያን ያህል የተጠቀጠቀ ኩዊልት እንደ ሰሌን ይደርቃል፤ ሰው አይሞቀውም። የተጣመመውን ስፌት ፈትታ ላስተካክል ማለትም ይቃጣታል። ስፌቱ ተተርትሮ የማይይዝ ከሆነ እርግጥ መጠገን አለበት። ከዚያ በቀር ግን ያቺ ጠማማ መስመር የእናትየው እጅ ናት። ዓይኖችዋ በደከሙበት ወራት የሰፋቻት ልትሆን ትችላለች። ልጆችዋም የሚፈልጉት እርስዋኑ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከመስጠታችሁ በፊት ከሰፊዋ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ላባው ሰፋ ይበል፣ ክሩ ዝቅ ያለ ይሁን፣ የተጣመመው ይቆይ በሉአት።

ሲያልቅ በገበሩ ጥግ ላይ ትንሽ ነጭ ጨርቅ ትሰፋለች፤ በማይለቅ ቀለም የሚጻፍባት። በትርኢቶች ላይ ዛሬ የገጣጠመችውም የጠቀጠቀችውም ስም አብሮ ይጻፋል። በዚህችም ላይ ሁለቱንም ስም ጻፉ። ቁርጥራጮቹ ከማን ልብስ እንደ መጡ፣ ገጹ የተገጣጠመበትን ዓመት፣ ላባው የተሰፋበትን ዓመት፣ ለማን እንደ ተሰጠ። ከሥሩም፦ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ።